ማር የለም ብዬ በማር ተወራረድኩ

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። እኔ ሁለቱም ደርሰውብኛል። ራሴ መመለጡን የነገረችኝ ባለቤቴ ናት። አፌ ማምለጡን የነገረኝ ግን መላው የመቱ ሕዝብ ነው፤ ያውም በገበያ ቀን፣ ያውም ከዋርካው ሥር፣ ያውም ገዣችን ፊታውራሪ ባሉበት። መላጣውስ ግድ የለም፣ ሻሽ ይሸፍነዋል። ለአፍ የሚሆን ሻሽ እስካሁን አልተሸመነም።

ነገሩን ከሥሩ ላጫውታችሁ። አባቴ ከሸዋ ከጦር ጋር መጥቶ እዚሁ ቀረ፣ እኔም እዚሁ ተወለድኩ። ስለዚህ በአማርኛ እሟገታለሁ፣ በኦሮምኛ እገበያያለሁ፣ ስናደድ ደግሞ ሁለቱም አይበቁኝም። ያለችኝ ሀብት ጫካ ውስጥ በየዛፉ የሰቀልኳቸው ቀፎዎች ናቸው። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የሚለውን ተረት ስሰማ ስለ እኔ የተተረተ ይመስለኛል፤ የእኔ ላሞች በእርግጥም ሰማይ ላይ ናቸው፣ ወተታቸውን ደግሞ የሚያዩት ፊታውራሪ ናቸው።

የአገራችን ግብር ማር ነበራ! በጉንዶ እየሰፈርን ለፊታውራሪ ግቢ እናስገባለን። ጉንዶ የማር መስፈሪያ ዕቃ ነው፤ ስትሞሉት ትልቅ፣ ሌላ ሰው ሲሞላው ትንሽ ይመስላል። ታዲያ አንድ ዓመት ዝናቡ ቀርቶ አበባው ሁሉ ደረቀና ንቡ ቀፎውን ጥሎ ተሰደደ። ንብ ግብር መኖሩን አታውቅም፣ ደስ ካላት ትሄዳለች፤ እኛ ነን የትም መሄጃ የሌለን። ፊታውራሪም አዘኑልንና፣ ንቡ እስኪመለስ ከግብሩ ግማሹን ማርኩ አሉ። እልል ተባለ። ከጊዜ በኋላ ንቡ ተመለሰ። እኛ ግን መመለሱን ለማንም አልነገርንም።

ፊታውራሪ የሚበሉት ማር፣ የሚያዩት ደግሞ አበባ ነውና ደረሱበት። በዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ ነጋሪት ተጎሰመ፤ የግማሹ ምሕረት በፋሲካ ያበቃል፣ በሚመለሰው ግብር በሶር ወንዝ ላይ ድልድይ ይሠራል፣ የለም የሚል ካለ በገበያ ቀን ከዋርካው ሥር መጥቶ ይሟገት፣ እኔም ዳኝቼ እቆርጣለሁ ተባለ። ጌታ ሕዝቡን ምክር ሲጠይቅ በአገራችን የተሰማው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ እያልን ያደግን ሰዎች ስለሆንን ግራ ገባን። ኋላ ነው የገባን። ፊታውራሪ ከጠጅ ቀጥሎ የሚወዱት ሙግት ነው፤ ጾሙ ረጅም ነው፣ ጨዋታ አምሯቸዋል።

በዚያ ሰሞን መቱ ውስጥ ስለ ግብር የማያወራ ሰው አልነበረም። ሁለት ሰው ከተገናኘ ነገሩ ይነሣል፣ ሦስተኛው ከመጣ ጠብ ይሆናል። ግማሹ ሰው ግብሩ ይቅርልን ይላል። ግማሹ ድልድዩ ይሠራልን ይላል። ጠጋ ብላችሁ ስትጠይቁት ግን ሁሉም ሁለቱንም ነው የሚፈልገው።

«ግብሩም ይቅር፣ ድልድዩም ይሠራ!»

«ከምን ይሠራ?»

«እሱን መንግሥት ያውቃል!»

ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም የሚለውን ተረት የማያውቅ የለም። ግን እኛ ዛፍ መውጣት የለመድን ሰዎች ነን።

እኔ የምሕረቱ ወገን ነበርኩ። ምክንያቴም ጓዳዬ ውስጥ ተቀምጧል። አንዲት ልጅ አለችኝ፣ አስካለ የምትባል፤ ለፋሲካ ማግስት ልድራት ቃል ገብቻለሁ። አማቾቼ ከወንዙ ማዶ፣ ከያዮ ናቸው። ያዮዎች ደግሞ ጠጅ ያውቃሉ፤ አንድ ዋንጫ ቀምሰው ማሩ ከምን አበባ እንደመጣ የሚነግሯችሁ ሰዎች ናቸው። በሽማግሌ ልከው ያስያዙኝ ቃልም ይኸው ነበር። «ጥሎሽ አናበዛም፣ ጠጅ ግን አታቅጥኑብን!» አሉኝ። ስለዚህ ከየቀፎው ያገኘሁትን ማር በአንድ ትልቅ ጋን አጠራቅሜ፣ አፉን በጭቃ መርጌ አስቀምጫለሁ። የልጄ ክብር፣ የእኔም ፊት እዚያ ጋን ውስጥ ነው። ግብሩ ከተመለሰ ደግሞ ጋኑ ይጎድላል፤ ጋኑ ከጎደለ አማቾቼ ፊት ውሃ ላቀርብ ነው።

ባለቤቴ በላይነሽ በጠዋት ስወጣ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። በላይነሽ ደስ ሲላት አንተ፣ ስትቆጣ አንቱ ትለኛለች። አክብሮቷን የምፈራላት ሴት ናት።

«ሂድና ስማ፣» አለችኝ፣ «ግን አትናገር።»

«እንዴት አልናገርም? የልጄ ድግስ ነው።»

«ስለዚህ ነዋ አትናገር ያልኩህ!»

አልናገርም ብዬ ማልኩላት። መሐላዬም ዋርካው ሥር እስክደርስ ድረስ ጸና።

ሕዝቡ ሞልቷል። ፊታውራሪ ከዋርካው ግንድ ሥር ምንጣፍ ተነጥፎላቸው ተቀምጠዋል። ለድልድዩ የቆመው ጋሼ አየለ ነው። ጋሼ አየለ ሲራራ ነጋዴ ነው፤ ከያዮ ጫካ ቡና እየጫነ ሲመጣ ሶር ከነጭነቱ በቅሎ ወስዶበታል፤ ስለ ወንዙ ሲያወራ ስለ ደመኛው የሚያወራ ይመስላል። ነጠላውን አጣፍቶ፣ ዱላውን ጨብጦ፣ መሬቱን በእግሩ እየረገጠ ተናገረ። ወንዙ ሰው እንደሚበላ፣ መንገዱ ሲዘጋ ጨው እንደሚወደድ፣ ግማሽ ግብር ግማሽ አገር እንደሚሠራ ሲያብራራ እኔ ራሴ ለጥቂት እልል ልል ነበር።

«ለምሕረቱ የሚቆም ማነው?» አሉ ፊታውራሪ።

በየቤቱ ሲንጫጫ የከረመው ሁሉ መሬት መሬት ያያል። እኔም አብሬ መሬት አየሁ። አጠገቤ የቆመው ጎረቤቴ ኦቦ ዲንሳ ነው፤ ቀፎ አብረን እንሰቅላለን፣ እሱ ይወጣል እኔ ገመድ እይዛለሁ። በክርኑ ጎሸም አደረገኝ።

«ጋሼ፣ አንተ አፍ አለህ፣» አለኝ።

ይህች ቃል ናት የጣለችኝ። አፍ የሌለው ሰው አፍ አለህ ቢሉት ይታዘባል፤ አፍ ያለው ሰው ግን ይቆማል። ቆምኩ።

እዚህ ላይ ለማያውቅ ሰው ልማዱን ልንገር። ያኔ ሰው ሲሟገት ወደ ባላጋራው እየዘለለ «ተጠየቅ!» ይላል፣ ያኛውም «ልጠየቅ!» ይላል። ቃሉ ሐቅ መሆኑን ለማስረገጥ ደግሞ ይወራረዳል። የቃሌ ሐሰት ቢገኝ ፈረስ ልስጥ ይላል፤ ፈረስ የሌለው በቅሎ፣ በቅሎ የሌለው ማር። የተረታው የሚከፍለው ለረታው እንዳይመስላችሁ፣ ለዳኛው ነው። ሙግት ሲሞቅ የዳኞች ፊት የሚፈካው ለዚህ ነው። ሳይወራረዱ መሟገትም ያሳፍራል፤ ቃሉን የማያምን ሰው ነው ይባላል።

ጀመርኩ። ንቡን አነሣሁ፣ ድርቁን አነሣሁ፣ የድሃውን ጓዳ አነሣሁ። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። ከንፈር ሲመጠጥልኝ ደግሞ እኔ ማቆሚያ የለኝም። «ደግሞስ ድልድይ ለምን ያስፈልጋል?» አልኩ። «ሶር በክረምት ወንዝ ነው፣ በበጋ ግን ጥጃ የሚሻገረው ኩሬ ነው። ዛሬ ብወርድበት ከቁርጭምጭሚቴ አያልፍም!»

«ተጠየቅ!» አለ ጋሼ አየለ።

«ልጠየቅ!»

«ከቁርጭምጭሚትህ ቢያልፍስ?»

«አንድ ጉንዶ ማር!»

ፊታውራሪ ብድግ አሉ። «እንግዲያ ምን አለፋን፣ ወንዙ እዚያው አለ፣» አሉ። ሕዝቡም ግልብጥ ብሎ ተከተለ። ገበያው ተበተነ። በርበሬ ሻጯ በርበሬዋን ተሸክማ ወረደች፣ ፍየል ሊሸጥ የመጣው ከነፍየሉ ወረደ። እንዲያ ያለ አጀብ የተከተለኝ በዕድሜዬ ያን ቀን ብቻ ነው።

ከመልካው፣ ከወንዙ መሻገሪያ ደረስን። ውሃው ጸጥ ብሏል። ኩራት ኩራት አለኝ። ሱሪዬን ሰብስቤ ገባሁ። ጥቂት ስሄድ ከቁርጭምጭሚቴ በታች ነው። ዞር ብዬ «አያችሁ!» አልኩ። ያን ጊዜ ነው ኦቦ ዲንሳ ከዳር ሆኖ ወደ ላይ፣ ወደ ሶር ፏፏቴ ወገን ሰማዩን ሲያሳየኝ ያየሁት። ጠቁሯል። ለካ ዝናቡ ቀድሞ ከላይ ሲያወርደው አድሯል። ቀጥሎ ጉልበቴ፣ ቀጥሎ ወገቤ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን የነገሩኝ ሌሎች ናቸው። ነጠላዬ ቀድሞኝ ሄደ፤ እኔም ተከተልኩት። አንድ የቁጥቋጦ ሥር ይዤ ስጮህ ኦቦ ዲንሳ ቀፎ የምንስብበትን ገመድ ወርውሮ እንደ ቀፎ ሳበኝ።

«ማሊ ኩኒ፣ ጋሼ!» አለኝ፣ ምን ጉድ ነው ማለቱ ነው። «አፍ አለህ አልኩ እንጂ ዋና ታውቃለህ አልኩ እንዴ?»

«ቁርጭምጭሚቱ የት ጋ ነው?» ብሎ ጋሼ አየለ ከዳር ጮኸ።

ፊታውራሪ በሳቅ እየተንፈቀፈቁ፣ «የዚህ ሰው ቁርጭምጭሚት አንገቱ ላይ ነው መሰለኝ፣» አሉ።

አንድ ጉንዶ ሄደ። አስተዋይ ሰው ቢሆን እዚያው ላይ ሱሪውን ጨምቆ ወደ ቤቱ ይገባል። እኔ ግን የተረታሁት በወንዙ ነው እንጂ በነገሩ አይደለም ብዬ ከዋርካው ሥር ተመለስኩ። ውሃ ከሁለንተናዬ ይንጠባጠባል፣ ነጠላ የለኝም፣ አንድ ሰው ያዋሰኝን የእህል ጆንያ ተከናንቤያለሁ። ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ይባላል፤ ነገር በጆንያ ግን ተብሎም አያውቅ።

ጋሼ አየለ ድል ቀምሷልና ቀጠለ። «ጌታዬ፣ ድህነት የሚባለው ነገር ሐሰት ነው!» አለ። «ንቡ ከተመለሰ ሰንብቷል። በየጓዳው ማር ሞልቷል። እነዚህ ሰዎች ምሕረት የሚለምኑት አጥተው አይደለም፣ ለምደው ነው።»

ሕዝቡ ደነገጠ፤ እውነት ነዋ! የሁሉም ዓይን ወደ እኔ ዞረ። አንዲት አሮጊት «አፈር ስሆንልህ መልስለት» አለችኝ። አገር ሲለምነኝ እንዴት ዝም እላለሁ? ዱላዬን ወንዙ ስለወሰደው በእጄ ደረቴን እየመታሁ ወደ ጋሼ አየለ ዘለልኩ።

«ተጠየቅ!»

«ልጠየቅ!»

«በመቱ ከተማ በአንድም ቤት፣ ለመድኃኒት የሚላስ ማር የለም!»

«አይዞህ!» አለ ሕዝቡ።

«ጓዳው ባዶ ነው፣ ጋኑ ባዶ ነው፣ ሕፃኑ ማር ምን እንደሆነ በወሬ ነው የሚያውቀው!»

«በርታ!»

«ቢገኝስ?» አለ ጋሼ አየለ።

«ቢገኝ…» አልኩ። ሞቆኛል፣ ቀዝቅዞኛል፣ ሁለቱም ባንድ ላይ። አንድ ጉንዶ እንዳልል ብዙ ሰው ያየኛል፣ ቃሉን አላመነም እባላለሁ። «ቢገኝ ጋን ሙሉ ማር እሰጣለሁ!»

እልልታ ጠበቅኩ። የጮኸው ፍየሉ ብቻ ነው።

ፊታውራሪ ጺማቸውን እየዳበሱ ዝግ ብለው፣ «ጋን ሙሉውን ከየት ታመጣዋለህ?» አሉኝ።

«ከቤቴ፣ ጌታዬ!» አልኩ።

ከቤቴ አልኩ! ሌላ መልስ ጠፍቶ! ከጎረቤት ተበድሬ፣ ከጎሬ አስመጥቼ፣ ከያዮ ገዝቼ ማለት ነበረብኝ። አፌ ግን እውነት የሚናገረው እንዲህ በማያስፈልግበት ሰዓት ነው። ማር የለም ብዬ በማር ተወራርጄ፣ ማሩ ያለበትንም ቤት በጣቴ አሳየሁ።

ሕዝቡ መጀመሪያ አልገባውም። ቀስ ብሎ ከፊት ያለው ሳቀ፣ ከዚያ መካከሉ፣ ከዚያ ኋላ ያለው ሳይሰማ ሳቀ። በርበሬ ሻጯ እንባዋን በበርበሬ እጇ ጠርጋ ደግማ አለቀሰች። ጋሼ አየለ እንኳ ዱላውን ጥሎ ሆዱን ይዟል። እኔ ብቻ ነኝ ያልሳቅሁት። ለእኔ የታየኝ አስካለ ናት፤ በሰርጓ ዕለት አማቶቿ ባዶ ዋንጫ ይዘው ሲተያዩ፣ እሷ አንገቷን ስትደፋ። በጆንያዬ ተጠቅልዬ እዚያው ተንበረከክሁ።

«ጌታዬ፣» አልኩ፣ «ተረታሁ። አሁን ግን ሳልወራረድ እውነቱን ልናገር። ማር አለኝ። ለልጄ ሰርግ ያጠራቀምኩት ነው፣ ያለችኝ እሷ ናት። ንቡ ተመልሷል፣ እንደ ዱሮው ግን አልበዛም፤ ከቀፎዬ ብዙው ዛሬም ባዶ ነው። ግብሩ በሙሉ ከተመለሰ ድግስ የሚደግስ፣ ልጅ የሚድር ሰው አይኖርም። ድልድዩም አያስፈልግም ማለቴ ሐሰት ነው፤ ልጄ ወደ ማዶ ነው የምትሄደው። ክረምት ሲገባ ሶር ይሞላል፣ ትውለድ ትታመም ሳላውቅ ልከርም ነው። ምሕረቱንም እፈልጋለሁ፣ ድልድዩንም እፈልጋለሁ። ምን ልሁን?»

ሳቁ ቆመ። ለካ ሁሉም እንደ እኔ ነው። ፊታውራሪም ወደ ወንዙ ማዶ አሻግረው አዩ፤ እሳቸውም ልጅ ድረው ወንዝ ማዶ ሰደዋል።

«ዛሬ የሰማሁት እውነት ይህ ብቻ ነው፣» አሉ በመጨረሻ። «ምሕረቱ ንቡ እስኪበዛ ይቀጥል።»

እልልታው ዋርካውን አንቀጠቀጠው።

«ድልድዩም ይሠራል።»

እልልታው ቆመ። «ከምን?» አለ አንድ ደፋር።

«እንጨቱ ጫካ ውስጥ ነው። ጉልበቱ የእናንተ ነው፣ በደቦ። ደቦ ደግሞ ያለ መጠጥ አይሆንም፤ ያጣሁት እሱን ነበር።» ጣታቸውን ወደ ጆንያዬ ቀሰሩ። «ይኸው ተገኘ።»

እንዲህ ነው እንግዲህ ግብር ቀርቶ ድልድይ የተሠራው። መንግሥት ሳይቀበል እንዴት ይሰጣል ብሎ ለሚጨነቅ ሁሉ መልሱ እኔ ነኝ። አፍ ያለው አንድ ሞኝ ከተገኘ ይበቃል።

ቤቴ ስደርስ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። በላይነሽ በሩ ላይ ቆማለች።

«እንዴት ዋሉ?» አለችኝ። ዋሉ! በቃ ሞቻለሁ።

«ረታን፣» አልኩ።

«ማንን?»

እስካሁን አልመለስኩላትም። የግቢው አሽከሮች መጡ። ጋኑ ወደ ጓዳ የገባው በሩ ሳይጠብ ነበርና አልወጣ አለ። መቃኑን ነቅለው አወጡት። ስለዚህ ማሬን ብቻ ሳይሆን በሬንም አጣሁ ማለት ነው። አስካለ ጆንያውን ከትከሻዬ አውርዳ ጋቢ ደረበችልኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ የድልድዩ ደቦ ሆነ። ጠጁ በግቢ ተጥሎ ሲበስል ወንዱ ሁሉ መጥረቢያውን ይዞ ወደ ሶር ወረደ። ከመቱም ከዙሪያውም እንዲያ ያለ ሠራተኛ ሕዝብ ታይቶ አይታወቅም። ግንድ የሚጎትተው እየዘፈነ ነው፣ ዓምድ የሚተክለው እየዘፈነ ነው። ጾም ነው የሚል ሰው ሲኖር፣ ጠጅ አያስገድፍም የሚል ይገኛል። በየዋንጫው ይመርቁኛል፤ «እድሜ ለጋሼ፣ አፉን አይዝጋው!» ይላሉ። እኔም ተሰልፌ የራሴን ማር በሰው ዋንጫ እየተቀበልኩ እግዜር ይስጥልኝ እላለሁ። ጣፋጭ ነበር። እሱ ነው ያናደደኝ።

ቤት ስገባ በላይነሽ ዝም ትላለች። ምን እናቅርብ ብላ አትጨነቅም፣ አታለቅስም። አንዳንድ ቀን ጌሾ ጌሾ ትሸታለች። የት ዋልሽ ስላት፣ «ጎረቤት ላግዝ ሄጄ ነው፣ ሌሎች ሰዎች ድግስ አለባቸው» ትለኛለች።

ፋሲካ ሆነ፣ ሰርጉ ደረሰ። እኔ አንድ የቀረኝ ተስፋ ወንዙ ነበር። ሶር ድልድይ ባልነበረው ዘመን ከያዮ የሚመጣ ሰርገኛ ሚዜዎችና ዋና የሚችሉ ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው። አሁን ግን ድልድይ አለ! በቅሎ የተቀመጡ አሮጊቶች መጡ። ሕፃን ያዘሉ መጡ። በዱላ የሚሄድ አንካሳ መጣ፤ እንኳን ድልድይ ተሠራ፣ መቱን ሳላይ ልሞት ነበር እያለ። ድልድዩን የተመኘሁት ልጄ እንድትመላለስበት ነው፤ ያዮ ግን በሙሉ ተነቅሎ መጣበት። የሙሽራው አጎት፣ ያ ጠጅ አታቅጥኑብን ብሎ የላከብኝ ሰውዬ፣ ከሁሉ ፊት ነው፤ ከንፈሩን ከአሁኑ ይልሳል።

እኔ ከቤቱ ጀርባ ከእንሰቱ መካከል ገብቼ ቁጭ አልኩ። ከዚያ ሆኜ ዘፈኑን እሰማለሁ። ዳሱ ውስጥ ዋንጫ ሲታደል ይሰማኛል። አሁን ምን ይቀዱበታል እያልኩ ጆሮዬን ደፈንኩ።

በላይነሽ አገኘችኝ። «እዚህ ምን ይሠራሉ?» አለችኝ።

«ቅጠል እቆርጣለሁ።»

«በምን?»

ቢላዋ እንኳ አልያዝኩም። እጄን ይዛ እየጎተተች ወደ ደጅ አወጣችኝ። ከጋሼ አየለ ቤት ወገን አራት ሰዎች ጋን ተሸክመው ይመጣሉ። ከኦቦ ዲንሳ ቤት ደግሞ ሌላ ጋን። በርበሬ ሻጯ እንስራ አዝላ ትመጣለች። ያቺ አፈር ስሆንልህ ያለችኝ አሮጊት እንኳ በቅል ይዛለች። አንዱን ሲከፍቱት የጠጁ ሽታ ግቢውን ሞላው።

«ይህ ከየት መጣ?»

«ግብሩ የቀረላቸው ሰዎች ናቸው፣» አለች በላይነሽ። «አንተ ወንዝ ስትውል ከየጓዳቸው ማር እየቀነሱ አመጡልኝ። በየቤቱ ጣልኩት።»

«ለእኔ ያልተነገረኝ ለምንድን ነው?»

«ብነግርህ ትወራረድበት ነበር!»

አንተ አለችኝ! ከዋርካው ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አለችኝ። እዚያው ቆሜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ጋሼ አየለ ጋኑን ካወረደ በኋላ ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝና፣ «ይኸውልህ፣ መቱ ውስጥ የለም ያልከው ማር፣» አለኝ። ፊታውራሪ ግማሹን ግብር ትተውላቸው፣ ይህ ሕዝብ ለእኔ ገበረ።

ያዮዎች ጠጡ። የሙሽራው አጎት አንዱን ዋንጫ ጨልጦ ዓይኑን ጨፈነ፤ ከምን አበባ እንደሆነ ሊናገር ፈልጎ አቃተው፣ ከመቶ ቤት የተሰበሰበ ማር የማን አበባ እንደሆነ ማን ያውቃል? «እጅ ሰጥቻለሁ!» አለ። አስካለ ከመጋረጃው ውስጥ ሆና ስትስቅ ሰማኋት። እኔ በዚያች ሰዓት ከፊታውራሪ በላይ ሀብታም ነበርኩ።

ሰውዬው ዝም ቢል ምን ነበረበት? ዋንጫውን አስሞልቶ፣ «ጠጁስ ጠጅ ነው፣» አለ፤ «ያ ድልድያችሁ ግን በጠጅ የተሠራ ስለሆነ መጪውን ክረምት አያልፍም።»

«ምን አልክ?» ብዬ ተነሣሁ። ነጠላዬን አጣፋሁ። መሬቱን በእግሬ ረገጥኩ። «ያን ድልድይ ነው? እኔ ማሬን ያፈሰስኩበትን? ተጠየቅ! እወራ…»

በላይነሽ ከየት እንደመጣች አላውቅም። ትከሻዬን ይዛ ወደ ኋላ አዞረችኝና የዶሮ ፈረሰኛ ያለበት ቡጢ የሚያህል ጉርሻ አፌ ውስጥ ከተተችው። የአገር ግብር ያስቀረ አፍ በአንድ ጉርሻ ተዘጋ። አላምጬ እስክውጥ የሙሽራው አጎት ወደ ጭፈራው ሄዷል።

ድልድዩ ያን ክረምት ቆመ። ሶር ሞልቶ፣ ግንድ እያንከባለለ መትቶት፣ ንቅንቅ ሳይል ቆመ። አስካለም በነሐሴ እርጉዝ ሆና፣ እግሯ ሳይረጥብ ተሻግራ መጣች። እኔ ደጅ ቆሜ ስቀበላት ከደስታዬ መካከል አንዲት ነገር ብቻ ውስጤን ትቆረቁረኝ ነበር፣ ለበላይነሽም እስከዛሬ አልነገርኳትም።

ብወራረድ ኖሮ እረታው ነበር።